ዚዮላይት ወንፊት ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1756 ስዊድናዊው የማዕድን ተመራማሪ አክሰል ክሮንስቴድት አንድን ድንጋይ በእሳት ሲያግል ከውስጡ ውኃ እየተንፈቀፈቀ ሲወጣ ተመለከተ። ከዚህም ተነሥቶ ድንጋዩን በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» ማለትም ዚዮላይት ብሎ ሰየመው። ዛሬ ዚዮላይት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «የሞለኪውል ወንፊት ነው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይኖርበትም ጎዶሎ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ከፈተና ውጤት አልፎ ከምንጠጣው ውኃ ይደርሳል።

ዚዮላይት የሚገነባው አንድ ሲሊከን ወይም አንድ አሉሚኒየም በአራት ኦክሲጅን ተከቦ ከሚሠራቸው ክፍሎች ነው። ክፍሎቹ ኦክሲጅን እየተጋሩ ሲያያዙ መጠናቸው የተወሰነ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት መዋቅር ይፈጠራል። አሉሚኒየም በሲሊከን ቦታ በገባ ቁጥር መዋቅሩ አንድ አሉታዊ ቻርጅ ያተርፋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ተማሪው ከሁሉ በፊት ሊያስተውለው የሚገባው ይህንን ቻርጅ ነው።

ቻርጁን የሚያመዛዝነው ሶዲየም ወይም ካልሲየም ሲሆን፣ ማዕድኑ ውኃንና ሌሎች ፖላር ሞለኪውሎችን በውስጥ ገጹ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ይህም አድሶርፕሽን ይባላል። የሚያመዛዝነው ፕሮቶን ሲሆን ግን ያው ማዕድን ጠጣር አሲድ ይሆናል። የአሉሚኒየሙ መጠን ሲቀንስ የአሲድ ቦታዎቹ ቁጥር ያንሳል፤ የእያንዳንዱ ብርታት ግን በአብዛኛው ይጨምራል። ስለሆነም የአሲዱ ብዛትና የአሲዱ ብርታት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ካታሊስትነቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የነዳጅ ማጣሪያዎች ትላልቅ የሃይድሮካርቦን ሞለኪውሎችን ወደ ቤንዚን ለመሰባበር ዚዮላይትን ይጠቀማሉ። ዜድኤስኤም-5 የተባለው ዓይነት ቀዳዳው 0.55 ናኖሜትር ያህል ነው። ለፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሬ ዕቃ የሆነው ቀጭኑ ፓራ-ዛይሊን በቀላሉ ሲወጣበት፣ ሰፋ ያሉት ወንድሞቹ ግን ይዘገያሉ። አሲዱ ይሠራል፤ ቀዳዳው ይመርጣል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር የበለጠ ፍሎራይድ አለው። በዚህም የተነሣ የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። በዚያው ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥ ዚዮላይት ስለሚገኝ «መድኃኒቱ ከበሽታው አጠገብ ነው» ብሎ መደምደም እጅግ ያጓጓል። ወንፊት ብቻ መስሎን ከሆነ የምንደመድመውም ይህንኑ ነው።

ሆኖም ፍሎራይድ አሉታዊ አዮን ነው፤ የዚዮላይቱም መዋቅር አሉታዊ ነው። ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉና ጥሬው ድንጋይ ፍሎራይድን በሚገባ አይዝም። ፍሎራይድን በሚስቡ እንደ አሉሚኒየም ባሉ አዮኖች ገጹ ሲታከም ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜም ቢሆን የተጨመረው አሉሚኒየም ተመልሶ ወደ መጠጥ ውኃው አለመግባቱ መረጋገጥ አለበት። ይህን ሳያጣሩ ድንጋይ ፈጭቶ ለገበሬው ማደል ባዶ ተስፋ ማደል ነው።

ስለዚህ የዚዮላይት ትምህርት ስም ከመሸምደድ ወጥቶ ወደ ቤተ ሙከራ መግባት ይኖርበታል። የሚጠይቀውም ወጪ ከዐቅም በላይ አይደለም። ካኦሊንን በ600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አግሎ፣ ከዚያም ከ100 ዲግሪ በታች በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ በማቆየት ዚዮላይት ኤ ማዘጋጀት ይቻላል። በምድጃ አድርቆ፣ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ አቆይቶ፣ ደግሞ በመመዘን ምን ያህል ውኃ እንደያዘ ማወቅም ይቻላል። በእጁ የመዘነ ተማሪ ድንጋዩ ምን እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይዝም ይጠይቃል። የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ከእኛ የሚጠብቀው ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።