እርከኑ ተሠራ፤ አፈሩስ ዳነ ወይ?

በየዓመቱ ጥር አካባቢ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይጀመራል። አርሶ አደሩ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ ያለ ክፍያ ለቀናት ይቆፍራል። ማታ በዜና የምንሰማው ግን ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ ነው። ስንት አፈር ከመታጠብ ዳነ የሚለው ብዙም አይነገርም።

ይህን ለመገመት ባለሙያዎች ሞዴል ይጠቀማሉ። በሰፊው የታወቀው አሜሪካ ውስጥ የተሠራው የአፈር መሸርሸር ቀመር ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሀንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርጎታል። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ የዝናቡ ኃይል፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የተዳፋቱ ርዝመትና ቁልቁለት፣ የመሬቱ ሽፋንና አያያዝ በቁጥር ተተምነው እርስ በርስ ይባዛሉ። የሚወጣው ውጤት ከአንድ ሄክታር በዓመት የሚታጠብ አፈር ነው።

ቀመሩን ከአገራችን ጋር ለማገናዘብ መስክ ላይ መለካት ነበረበት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ወሎው ማይባር፣ የሰሜን ሸዋው አንዲት ጥድ፣ የጎጃሙ አንጀኒ ባሉ ጣቢያዎች ዝናብ፣ ጎርፍና ደለል ሲለካ ቆይቷል።

አንድ እርከን ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ ውሃ አቁሮ የሚይዝ እርከን ጥሩ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ያንኑ ብትሠሩ ግን ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፣ ሰብሉ ይጎዳል። እዚያ ትርፉን ውሃ ቀስ አድርጎ የሚያስወጣ ዘንበል ያለ እርከን ያስፈልጋል። ሞዴል እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሳይቆፈር በፊት አማራጮችን ያወዳድራል፣ የትኛው ተዳፋት እንደሚቀድም ያሳያል።

ችግሩ የሚመጣው ሞዴሉ ሪፖርት ማሳመሪያ ሲሆን ነው። ነገሩ ማባዛት ስለሆነ፣ «እርከን አለ» ተብሎ የአያያዙ ቁጥር በግማሽ ከተቀነሰ ውጤቱም በግማሽ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ እርከኑን ከብት አፍርሶት ቢሆንስ? ኮምፒውተሩ አያውቅም። ቦረቦርን ደግሞ ይህ ቀመር ጭራሽ አይቆጥርም። 30 ሜትር በ30 ሜትር የሚያሳይ የሳተላይት መረጃም በጥቂት ሜትሮች ልዩነት የተሠሩ እርከኖችን ለይቶ አያይም።

ስለዚህ ግምቱ በልኬት ይፈተን። እያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ ጅረት መርጦ በክረምት የውሃውን መጠንና ደለሉን ከዓመት ዓመት ቢለካ ትልቅ ነገር ነው። በነፃ ጉልበቱን ለሚሰጥ ገበሬ፣ ልፋቱ ምን እንዳተረፈ መንገር ይገባል።