«ቅዳሜ 3 ሰዓት» የማን ሰዓት ነው?

ብዙ ትልልቅ ስብሰባዎች የሚበላሹት ገና ጥሪው ሲጻፍ ነው። ግማሹ አባል አዲስ አበባ፣ ቀሪው ዋሽንግተን፣ ለንደንና ዱባይ የሚኖርበት ማኅበር በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ጠቅላላ ጉባኤ ቅዳሜ 3 ሰዓት በዙም» የምትል አንድ መስመር ይለጥፋል። ቀኑ ሲደርስ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ አባላትም በግዴለሽነት ይወቀሳሉ።

ለመሆኑ 3 ሰዓት የትኛው ነው? ለአዲስ አበባው አባል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ስልኩ ላይ ደግሞ 9:00 ይላል። ውጭ አገር ለከረመው ግን 3:00 ማለት በኢትዮጵያ 9 ሰዓት ነው። ቀኑም ከዚህ አያመልጥም። ኦክቶበር 5ን «ጥቅምት 5» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን 10 ቀን ገደማ አለ።

በዚህ ላይ የሰዓት ለውጥ ይጨመራል። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። አውሮፓ ደግሞ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ይቀይራል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት የተያዘ ስብሰባ ለዋሽንግተን አንድ ጊዜ 10:00፣ ሌላ ጊዜ 11:00 ይሆናል፤ ለዱባይ ሁልጊዜ 19:00 ነው።

በካላንደር የሚላክ ግብዣ ይህን ስሌት በራሱ ይሠራል። ጠሪው የአዲስ አበባን ሰዓት አንዴ ይመርጣል፤ እያንዳንዱ ስልክ በያለበት አገር ሰዓት ያሳያል። ሰዓቱ ቢቀየር ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይታረማል። የቴሌግራሙ መልእክት ግን ከተሻረ በኋላም ፎርዋርድ ሲደረግ ይኖራል።

ካላንደሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጉግል ካላንደር ላይ ምርጫው ካልተነካ ተጋባዦች የሌሎቹን ኢሜይል ያያሉ፣ ሌላ ሰውም መጋበዝ ይችላሉ። 150 ሰው ተጠራ ማለት የ150 ሰው አድራሻ ለሁሉም ታደለ ማለት ነው። አባል መሆኑ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው በሚኖርበት ማኅበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግብዣው ከመላኩ በፊት ሁለቱን ምልክቶች ማንሳት ይገባል። ዝርዝሩን የሚይዝ አንድ ሰውና አንድ ተተኪም በስም ይታወቁ።

«አዛውንቶቹ ኢሜይል የት ያውቃሉ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ለእነሱ ስልክ መደወል ያስፈልጋል። ግሩፑ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በየከተማው ለይቶ ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን ማንኛውም ካላንደር አያስተካክልም፤ እሱም የሰዓት ምርጫ ነው። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ውድቅት ሌሊት ነው። በዚህ ሰዓት ቦርድ የሚያስመርጥ ማኅበር የአሜሪካ አባላቱን ድምፅ ከወዲሁ ቀንሷል። የተመረጠው ቦርድ መዋጮ ይጨምራል፣ ገንዘብ ያዛል፣ ደንብ ይለውጣል። ስለዚህ ጥሪው ለጸሐፊው ብቻ የሚተው ሥራ መሆን የለበትም። ስብሰባው መቼ እንደሚሆን፣ በማን በኩልና እንዴት እንደሚጠራ እንደማንኛውም ውሳኔ በደንቡ ይስፈር።