ለፓይለት ትምህርት ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች አንድ ዓይነት ሆነዋል። «ቲቸር፣ የእስያ አየር መንገዶች ፓይለት አጥተዋል ይባላል። ደመወዙ በዶላር ነው፣ ቤት ይሰጣሉ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፍላሉ። እውነት ነው ወይ?» ከጎግ አንድ ቤተሰብ ደግሞ ከመጠየቅ አልፎ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል። ልጁን ውጭ አገር ባለ የግል የበረራ ትምህርት ቤት ለማስገባት ዘመድ አዝማድ እያዋጣ ነው፤ ሚኒሶታ ያሉት ሳይቀሩ። አንድ ደላላ «ላይሰንሱን በያዘ ማግስት የዓረብ አየር መንገድ ይቀጥረዋል» ብሏቸዋል። ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ ፓይለት አይደለሁም። ፑኝዶ ላይ ፊዚክስ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ግን ካስተማርኳቸው ልጆች ወደ አቪዬሽን የገቡ አሉ፤ አንዱ ዛሬ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ረዳት አብራሪ ነው። እነሱን ጠይቄ፣ ያነበብኩትንም ጨምሬ ነው የምጽፈው። አቋሜን መጀመሪያ ልንገራችሁ፦ የእስያ አየር መንገዶች እያደጉ መሆናቸው እውነት ነው፤ በሩ ግን ላይሰንስ ብቻ ለያዘ የውጭ አገር ጀማሪ የተከፈተ አይደለም። ይሄን ሳያውቅ ገንዘቡን የሚያፈስ ቤተሰብ ዕዳውን ታቅፎ ይቀራል።

እውነት ከሆነው ልጀምር። ኤር ኢንዲያ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ 470 አውሮፕላኖች እንደሚገዛ አሳወቀ። ኢንዲጎ የሚባለው ሌላው የሕንድ አየር መንገድ በዚያው ዓመት 500 ኤርባሶችን በአንድ ጊዜ አዘዘ። የሳዑዲው ሪያድ ኤር ደግሞ ያኔ ሲቋቋም፣ ገና አንድ መንገደኛ ሳይጭን፣ እስከ 72 የሚደርሱ ቦይንግ 787 ለመግዛት ተስማማ። አንድ ረጅም ርቀት የሚበር አውሮፕላን ቀንና ሌሊት እንዲሠራ ከ10 በላይ ፓይለት ይፈልጋል። እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት። ደላላውም የሚያሳያችሁ ይሄንኑ ሒሳብ ነው፤ እዚህ ድረስ አልዋሸም።

የሚደብቃችሁ ቀጥሎ ያለውን ነው።

ፓይለት የሚለካው በሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የንግድ አብራሪ ላይሰንስ ለማግኘት ወደ 200 ሰዓት ያህል መብረር ይበቃል፤ ዕውቅና ባለው ሙሉ ኮርስ ከሆነ 150ም ይሆናል። የትልቅ አየር መንገድ ካፒቴን የሚያደርገው ላይሰንስ ግን ቢያንስ 1500 ሰዓት ይጠይቃል። አየር መንገዶቹ ከውጭ አገር ሰው ሲፈልጉ ማስታወቂያቸው በአብዛኛው የሚለው ደግሞ በጄት ላይ የተበረረ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቪዛ፣ ቤትና የትምህርት ቤት ክፍያ ችሎ ሰው የሚያስመጣ ድርጅት ዛሬውኑ የሚሠራለትን እንጂ ገና የሚያሠለጥነውን አይፈልግም። ጀማሪ ከፈለገ የራሱ አገር ልጆች አሉለት። ሕንድ ውስጥ እኮ ይሄ ሁሉ አውሮፕላን ታዝዞ እያለ፣ ላይሰንሳቸውን ይዘው ሥራ የሚጠብቁ ሕንዳውያን ወጣቶች ሞልተዋል። የጎግ ልጅ 200 ሰዓቱን ይዞ ሲሄድ የሚሰለፈው ከነሱ ኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የውጭ አገር ፓይለት ሥራ ከመሠረቱ ጊዜያዊ ነው። ሕንዶች ለውጭ አብራሪ የሚሰጡት ጊዜያዊ ፈቃድ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ፋታ» ይባላል። በአማርኛም ቢሆን የተስማማ ስም ነው። ለአየር መንገዱ ፋታ ነው፤ የራሱ ልጆች እስኪደርሱለት ድረስ።

ይሄን ክፋት አትበሉት፤ እኛም አድርገነዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር ተዋውሎ ሲቋቋም፣ በ1946 ወደ ካይሮ ሲበርም፣ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት በ1957 ነው። ሥራ አስኪያጅነቱ በኢትዮጵያዊ እጅ የገባው በ1971፣ በኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ጊዜ ነው። አሜሪካውያኑ የመጡት በመጨረሻ ቦታውን ሊለቁ ነበር። ዛሬ ዱባይ ወይም ሪያድ የሚሠራ ሐበሻ ፓይለት ያኔ አሜሪካውያኑ በቆሙበት ቦታ ቆሟል።

ጋምቤላም ይሄን ታሪክ ከራሷ ታውቀዋለች። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው የንግድ ጣቢያው ከተቋቋመ በኋላ፣ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር። ቡና ይጫናል፣ ገበያው ይደምቃል። ውሃው ሲጎድል መርከቡ የለም። በ1956 ጣቢያው ሲያበቃ ደግሞ እንግሊዞቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ። በሰው አገር በኮንትራት መሥራትም እንደዚሁ ነው፤ ባሮ ሞልቶ ሳለ ይሠራበታል፣ ይጎድላል ብሎ ግን መዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሲጎድልም አይተናል። የሕንዱ ጄት ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በረራ አቆመ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ኤምሬትስ ፓይለቶች ቀነሰ። የሆንግ ኮንጉ ካቴይ ፓሲፊክ በዚያው ዓመት 5900 የሥራ መደቦችን ሰርዞ፣ ካቴይ ድራገን የተባለውን እህት ኩባንያውን ዘጋ። ቻይና ውስጥ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለውጭ ካፒቴኖች በዓመት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ እናቀርባለን ይሉ የነበሩ ድርጅቶች ነበሩ፤ ያኔ ብዙ የውጭ አብራሪዎች ያለ ክፍያ እረፍት ውጡ ተባሉ።

ሰዓት ላላችሁ፣ አገር ውስጥ ለዓመታት በርራችሁ ዛሬ የውጭ ኮንትራት ለቀረበላችሁ፣ የምለው ሌላ ነው። «አገሩ አስተምሮት ጥሎ ሄደ» የሚለውን ወሬ አልወደውም። ውሉን የጨረሰ፣ ዕዳውን የከፈለ ሰው የተሻለ ደመወዝ ፈልጎ ቢሄድ ነውር የለበትም። ነገር ግን ደመወዙን ብቻ አትዩ።

እዚያ ያለው ተማሪዬ የነገረኝን ላካፍላችሁ። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ኤምሬቶች ውስጥ የደመወዝ ግብር የለም። ግን የመኖሪያ ፈቃዱ በሥራው ላይ ነው የተንጠለጠለው። ቤቱም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም፣ የሚስቱ ቪዛም እዚያው ላይ ነው። ሥራው ደግሞ በጤና ሰርተፍኬት ላይ ተንጠልጥሏል። ይሄ ሰርተፍኬት በየ12 ወሩ፣ 60 ዓመት ካለፈ በየ6 ወሩ ይታደሳል። «አንድ ሐኪም አንድ ቀን አንድ ወረቀት ባይፈርም፣ ቤተሰቤ በሙሉ ሻንጣ ያዘጋጃል» አለኝ። ለውጭ ዜጋ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። በሕጉ መሠረት ሲለቅ የሚከፈለው ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለሚጨመረው ዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ጡረታውን ራሱ በየወሩ ካልቆጠበ የለውም ማለት ነው።

ሌላው ኑሮው ነው። ሮስተሩ ፋሲካን አያውቅም፣ ለቅሶን አያውቅም። ሌሊት በርሮ ቀን ይተኛል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እሱ ዩኒፎርም ይለብሳል። አባቱ ሲያርፍ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ በአውሮፕላን፣ ከጋምቤላ ፑኝዶ በክረምት መንገድ ነው፤ ደርሶ አልቀበረም። ገንዘብ ልኳል፤ እዝን ግን በገንዘብ አይቀመጡም። ልጆቹ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ያቀላጥፋሉ፤ ከአያታቸው ጋር በስልክ ሲገናኙ ግን አኝዋኛው አይመጣላቸውም። ይሄን ሲነግረኝ አላማረረም። «ዋጋው ነው ቲቸር፣ ማወቅ ግን ያስፈልጋል» ነው ያለው። እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለጀማሪ ልጅ ቀጥተኛው በር አገር ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለራሱ በሚመለምላቸው ሰልጣኞች ላይ ራሱ ወጪ ያወጣል፤ ሰልጣኙም የአገልግሎት ግዴታ ውል ይፈርማል። ፉክክሩ ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን የሚፎካከሩት በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በፊዚክስና በጤና ምርመራ ነው፤ የዘመድ ገንዘብ አይጠይቅም። የቁመት መስፈርትም አለ፤ እሱ እንኳን ለኛ ልጆች አያሳስብም! ማስታወቂያው ሲወጣ ኔትወርክ ጠፍቶባቸው ያመለጣቸው ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ ከተማ ያላችሁ፣ ስታዩ ወደ ጎግ፣ ወደ አቦቦ፣ ወደ ኢታንግ ደውሉ።

ሁለተኛ፣ ውል ከመፈረም በፊት ይነበብ። ስንት ዓመት ነው? ቢያቋርጥ ስንት ይከፍላል? ዋሱ ማነው? ላይሰንሱስ ምን ዓይነት ነው? ለአንድ አየር መንገድ ሥልጠና ብቻ የተዘጋጀ የላይሰንስ ዓይነት አለ፤ እሱን ይዞ ሌላ ቦታ መሄድ በጀማሪነት አስቸጋሪ ነው። ይሄ ለቤተሰብም ይገለጽ፣ ዋስ የሚሆነው ቤተሰብ ነውና።

ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛ። ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ ፓይለት በቋንቋ ፈተና ቢያንስ 4ኛ ደረጃ ማምጣት አለበት፤ 4ኛ ያመጣ በየ3 ዓመቱ ይፈተናል፣ 6ኛ ያመጣ ዳግመኛ አይፈተንም። የጎግ ልጅ አኝዋኛ፣ አማርኛ፣ አንዳንዴም ኑዌርኛ ይናገራል። አራተኛ ቋንቋ የሚያቅተው አይደለም፤ የሚያስፈልገው መጽሐፍና የሚያናግረው ሰው ነው።

አራተኛ፣ ወደ ውጭ የምትሄዱ፣ ከመጀመሪያው ቀን መመለሻችሁን አስቡ። ሎግቡካችሁን በሥርዓት ያዙ፤ የአገራችሁ ላይሰንስ እንዳይሞት አድርጉ፤ ከለቀቃችሁት መሥሪያ ቤት ጋር ተጣልታችሁ አትውጡ፤ ክሊራንሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሚኒሶታ ላላችሁ ዘመዶች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለአንድ ልጅ የበረራ ትምህርት ቤት የምታዋጡት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ልጁ ላይሰንሱን ይዞ ቤት ቢቀመጥ ገንዘቡም ተስፋውም አብሮ ይቀመጣል። የዚያን ጥቂት እጅ ለፑኝዶ ልጆች የሒሳብና የእንግሊዝኛ መጻሕፍት፣ የክረምት ማጠናከሪያ፣ አዲስ አበባ ሄደው ለሚፈተኑትም ትራንስፖርትና ማረፊያ ብታውሉት፣ በአንድ ልጅ ፈንታ ብዙ ልጆች ለፈተናው ይቀርባሉ። ከነሱ አንዱ ወይም አንዷ ታልፋለች። አንዷ ስል እንዲሁ አይደለም፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። ሴት ልጆቻችሁንም ፈተናው ላይ አስቀምጧቸው።

ለዚያ ቤተሰብ በስልክ የነገርኳቸው ይሄንኑ ነው። ውሳኔው የነሱ ነው። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ ልምዳችሁንም ከታች ጻፉ፣ ልጆቹ ያነቡታል።

ሰላም ሁኑ።