የክራፕፍ ወረቀቶችና የሱሉልታ አያቶች

ውጭ አገር ስላለ ቅርስ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራው መቅደላን ነው። በ1868 የተዘረፈው ብራና፣ ታቦትና ዘውድ ይመለስ እንላለን፤ ልክም ነን። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልን።) ዛሬ ግን ማንም ስላልዘረፈው፣ ማንም «አምጡልን» ስላላለውም ወረቀት ነው የምናወራው።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነበር፤ የሚቀጥረው ግን ለንደን ያለው ሲኤምኤስ የተባለው የእንግሊዞች የሚስዮን ማኅበር ነው። ከ1839 እስከ 1842 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ተቀመጠ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ኦሮምኛ ተማረ፣ የሰዋስው መጽሐፍ አዘጋጀ፣ የማቴዎስን ወንጌል ተረጎመ፣ የቃላት መጽሐፍም ሠራ። አውሮፓ ውስጥ ስሙ የሚነሣው በኋላ በ1849 የኬንያን ተራራ በማየቱ ነው። እኛን የሚመለከተው የሸዋው ዘመን ግን እንደ መግቢያ ይታለፋል።

ማኅበሩ ሚስዮናውያኑ የዕለት ማስታወሻ እየያዙ እንዲልኩለት ያዝዝ ስለነበር ክራፕፍ ብዙ ጽፏል። ጥቂቱ በ1843 ለንደን ታትሟል። የማኅበሩ መዝገብ፣ የእርሱን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች ጨምሮ፣ ዛሬ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል።

እንግሊዛዊውን ተጓዥና ተርጓሚ ሪቻርድ በርተንን እናስታውስ፤ በ1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል የቆየውን። በ1890 ሲሞት ሚስቱ ኢዛቤል ብዙ ወረቀቱን አቃጠለችው፤ አንባቢዎቹ እስከ ዛሬ ይቆጩበታል። የክራፕፍ ወረቀት አልተቃጠለም። ግን ለአንድ የሱሉልታ ተማሪ ልዩነቱ ምንድን ነው?

እኛ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የምንኖር ነን፤ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለሉት ከተሞች ልጆች። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን ስንል ታክሲ የምንይዝበትን ቦታ ነው የምናስበው። የኦሮሞ ጎሳዎች ስም መሆናቸውን ከእኛ እኩያ ስንቱ ያውቃል? ክራፕፍ ሸዋ ውስጥ ኦሮምኛን ሲሰማ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፤ አርባ ዓመት ከዚያም በላይ ይቀራታል። ስለዚህ እርሱ የመዘገበው የአባቶቻችንን አነጋገር ከከተማው በፊት የነበረውን ነው።

ቅዱስ ነው አላልንም። በ1840 ንጉሡ የኦሮሞን አገር ሲወጉ አብሮ ዘምቷል። በመጻሕፍቱ ርዕስ ላይ ሕዝቡን የጠራበትን ስም ዛሬ ማንም አይቀበለውም። ቋንቋውን ያስተማሩት ሰዎች ስምም ሽፋኑ ላይ የለም፤ እዚያ ያለው የእርሱ ብቻ ነው።

ፌስቡክ ላይ ስለ ቁቤ ለሚጣሉ ወዳጆቻችንም እዚያ ውስጥ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የላቲን ፊደል በ1991 ከሰማይ የወረደ የሚመስላቸው፣ ክራፕፍ በ1841 ማቴዎስን በላቲን ፊደል እንዳወጣው ይወቁ። የግዕዝ ፊደል ለኦሮምኛ ባዕድ ነው የሚሉት ደግሞ፣ ይኸው ሰው በ1870ዎቹ ከደብተራ ዘነብ ጋር የሠራቸው ትርጉሞች በግዕዝ ፊደል እንደታተሙ ይወቁ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖም የደከሙበት በ1899 የወጣው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው። ሁለቱም ወገን ትንሽ ቢያነብ ስድቡ ይቀንስ ነበር።

«መጻሕፍቱ ኢንተርኔት ላይ አሉ እኮ» የሚለን ይኖራል። የታተሙት አሉ። ደብዳቤዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ደግሞ የክራፕፍ አጻጻፍ ከዛሬው ቁቤ ጋር አይገጥምም፤ በጆሮ የሚያውቀው ሰው አጠገብ ከሌለ ቃሉ ምን እንደነበር መገመት ብቻ ነው። ያ ሰው ማን ነው? የሱሉልታዋ አያት ናት። ስለ ከብት፣ ስለ ማሳ፣ ስለ ዝምድና የምትናገረውን እኛ የልጅ ልጆቿ ግማሹን ብቻ የምንሰማት። ማሳው ኮንዶሚኒየምና ፋብሪካ ሲሆን የሞፈሩንና የበረቱን ቃል የሚጠራ ቦታ አይኖርም። ለመሬቱ ካሳ ተብሎ የሆነ ነገር ተከፍሏል፤ ይበቃል አይበቃም ሌላ ክርክር ነው። ቃሉን ግን የቆጠረው የለም።

ወረቀቱ ከ180 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሌላ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ ምንም አይሆንም። አያቶቹ ግን ሃምሳ ዓመት የላቸውም። ለዚህ ነው «እናስመልስ» የማንለው። ደብዳቤዎቹን ክራፕፍ ራሱ ለቀጣሪዎቹ የላካቸው ናቸው፤ ለማስመለስ ስንከራከር የሚሰሙልን ሰዎች ያልቃሉ። የምንፈልገው የሸዋው ዘመን ቅጂ ነው። ቅጂው መጥቶ በከተሞቻችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ኦሮምኛ የሚያጠኑ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ገጹን ይዘው ሰበታና ሱሉልታ ይሂዱ፣ እያነበቡላቸው ይጠይቁ፣ ድምፃቸውን ይቅረጹ። ስልክ የሌለው ተማሪ የለም።

ለዚህ ግድብ መገንባት አያስፈልግም። አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን እኛ ረቂቁን ጽፈን ጨርሰናል፤ የቀረን ማኅተሙን የሚያሳርፍበት ቢሮ ነው።