ሥዕሉ ስለ ምን ደፈረሰ?

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ አጽዋማት ሥርዓት ስንነጋገር ቈይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጕዳይ ግን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይመስላችሁ አይቀርም፤ ይኸውም ልጆቻችን በቤት ኮምፒውተር የሚጫወቱትን ጨዋታ በኢንተርኔት በቀጥታ ለሌላ ሰው በሚያሳዩበት ጊዜ ሥዕሉ የሚደፈርስበት ምክንያትና የሚጠራበት መንገድ ነው። «ይህ ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ምን ያገናኘዋል?» የሚል ቢኖር፣ እኛም አስቀድመን እንደዚሁ ብለን ነበርና አንፈርድበትም። ሐሳባችንን ያስለወጠን በአንድ ቤት ያየነው ነገር ነው።

በሰበካችን ከሚኖሩት ቤተ ሰቦች አንዱ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ አሉት። ታላቁ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ይኖራል፤ ታናሹ ገና የ17 ዓመት ተማሪ ነው። በእኛ አገር ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን በዚያ ገና ማለዳ ነውና፣ ታላቁ ከሥራ ወጥቶ ሳይተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ታናሹ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲጫወት በቀጥታ ይመለከታል። ልጁ እየተጫወተ ይናገራል፤ እናቲቱ ከኋላ ቡና ስታፈላ ድምፅዋ ይሰማል፤ ወንድምም ከዚያ ሆኖ በጽሑፍ ይመልስላቸዋል። ለዚያ ቤት ይህ ሰዓት ልጆቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ሰዓት ሆኖአል።

ነገር ግን ኳሷ በተመታች ቍጥር ሜዳው እንደ ተሰበረ ሸክላ ይቈራረጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆም ጀመር። ታላቁ ወንድም «ኮምፒውተሩ አርጅቶ ይሆናል፤ አዲስ ልግዛለት» ብሎ የሁለት ወር ቍጠባውን ሊልክ ተነሣ። አባት ደግሞ «መምህር፣ ልጄ በእንቅልፍ እጦት ያገኘው ገንዘብ ለጨዋታ ከሚጠፋ ነገሩ ጨርሶ ቢቀርስ?» ሲሉ ምክር ጠየቁን።

በመጀመሪያ የሰጠነው ምክር ስሕተት እንደ ነበረ ሳንሸሽግ እንናገራለን። ልጁ የሚያሰራጨው ኦቢኤስ ስቱዲዮ በሚባለው፣ ያለ ዋጋ በሚገኘው ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚልከው የሥዕል መጠን ቢትሬት በሚባለው መለኪያ በሰከንድ 4,000 ኪሎ ቢት ነበር። እኛም ብዙ ከተላከ ሥዕሉ ይጠራል ብለን ወደ 6,000 ከፍ እንዲያደርገው አዘዝነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥዕሉ ከቀድሞው ይልቅ ከፋ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። የነገሩን ሥር ተቀምጠን መመርመር የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው።

ሥዕል ሁሉ ፒክሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። 1,920 በ1,080 የሆነ አንድ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። በሰከንድ 60 ሥዕል ሲላክ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ነጥብ በ24 ቢት ቢጻፍም ጠቅላላው በሰከንድ ወደ 3 ቢሊዮን ቢት ይጠጋል። ይህን ሁሉ በ6,000 ኪሎ ቢት ለማሳለፍ 500 ጊዜ ያህል ማሳነስ ግድ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ክፍል ኢንኮደር ይባላል። ዋናው ብልሃቱም ከቀደመው ሥዕል ያልተለወጠውን ትቶ የተለወጠውን ብቻ መላክ ነው። ስለዚህ የቼዝ ሰሌዳ ለኢንኮደር ቀላል ሲሆን፣ ከኳስ ጋራ የሚሮጥ የሣር ሜዳ፣ ዝናብ፣ ጢስና ቅጠል ከባድ ናቸው። የተመደበለት ቢት ባልበቃው ጊዜ ዝርዝሩን ይጥላል፤ ያን ጊዜም ሥዕሉ በአራት ማዕዘን ቍርጥራጭ ይሞላል።

እንግዲህ የሥዕል መበላሸት አንድ በሽታ አይደለም። ኦቢኤስ «ስታትስ» በሚባለው ሰሌዳው ላይ ሦስት ቍጥሮች ለይቶ ያሳያል። አንደኛው በኢንተርኔቱ መስመር ድካም የወደቁት ሥዕሎች ቍጥር ነው። ሁለተኛው ኢንኮደሩ ሊደርስላቸው ባለመቻሉ የታለፉት ናቸው። ሦስተኛው የሥዕል ካርዱ በጨዋታው ተጠምዶ ሳያዘጋጃቸው የቀሩት ናቸው። ሦስቱም ባዶ ሆነው ሥዕሉ ግን የሚቈራረጥ ከሆነ፣ የሥዕሉ ስፋት ከተመደበለት ቢት በላይ ነው ማለት ነው። በልጁ ሰሌዳ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባዶ ሲሆኑ የመጀመሪያው ብቻ ያለ ማቋረጥ ይጨምር ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነበር፤ አዲስ ቢገዛም ኖሮ ያው ችግር ተከትሎት ይመጣ ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያ በኋላ መስመሩን ለካን። ብዙ ሰው የኢንተርኔቱን ፍጥነት ሲናገር የሚጠቅሰው ዳውንሎድ የሚባለውን የመቀበያውን ፍጥነት ነው፤ ለሚያሰራጭ ሰው ግን የሚፈለገው አፕሎድ የሚባለው የመላኪያው ፍጥነት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከመቀበያው ያንሳል። ልጁ በዋይፋይ፣ ከሁለት ግድግዳ በስተጀርባ ሆኖ ይልክ ስለ ነበር የመላኪያው ፍጥነት አንድ ጊዜ 4፣ አንድ ጊዜ 1 ሜጋ ቢት ይሆን ነበር። ራውተሩንና ኮምፒውተሩን በኔትወርክ ገመድ ብናገናኛቸው መወዛወዙ ቀረ። በጧት፣ ከቀትር በኋላና በምሽት ስንለካውም ዝቅተኛው 3.5 ሜጋ ቢት ሆነ። በተጨማሪም የእኅቲቱ ስልክ ያነሣችውን ፎቶግራፍ ሁሉ፣ እርሷ ሳታውቅ፣ ወደ ኢንተርኔት ማኖሪያ ሲልክ መስመሩን ይሻማ እንደ ነበር አገኘን፤ ይህም ሌሊት እንዲሆን ተደረገ።

ለስርጭት የሚመደበው ከተለካው ዝቅተኛ ፍጥነት ከመቶ 75 እጅ ያህል ባይበልጥ ይመረጣል፤ የቀረው ለመስመሩ መወዛወዝ መጠባበቂያ ይሆናል። ስለዚህ ለሥዕሉ 2,500፣ ለድምፁ 128 ኪሎ ቢት ሰጠነው። ስፋቱንም ከ1,920 በ1,080 ወደ 1,280 በ720፣ የሥዕሉንም ብዛት በሰከንድ ከ60 ወደ 30 ዝቅ አደረግነው። ልጁም «መምህር፣ አሳንሰነው እንዴት ይጠራል?» አለን። መልሱ በሒሳብ ይገኛል። 6,000 ኪሎ ቢት ለቀድሞው ነጥብ ሁሉ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 0.05 ቢት ያህል ይደርሰዋል፤ 2,500 ለአሁኑ ቢካፈል ግን 0.09 ያህል ይደርሰዋል። እንጀራው ቢያንስም እንግዳው ይልቁን ስላነሰ የእያንዳንዱ ድርሻ በዛ ማለት ነው።

ችግራቸው ከዚህ ለሚለይ ቤቶችም ጥቂት እንጨምር። የሚጨምረው ሁለተኛው ቍጥር ከሆነ፣ የማሳነሱን ሥራ ከኮምፒውተሩ ዋና አንጎል አውርዶ በሥዕል ካርዱ ላይ ላለው ኢንኮደር መስጠት ይረዳል፤ የኤንቪዲያ ካርዶች ኤንቪኤንሲ፣ የኢንቴል ደግሞ ኩዊክ ሲንክ የሚባል አላቸው። ሦስተኛው ቍጥር ከሆነ የጨዋታውን የሥዕል ብዛት በሰከንድ በ60 መወሰንና የጨዋታውን ጌጣጌጥ መቀነስ ለካርዱ ዕረፍት ይሰጠዋል። በማናቸውም ጊዜ ቢትሬቱ ሲቢአር በሚባለው ወጥ አኳኋን እንዲሆን፣ ሙሉው ሥዕል ዳግመኛ የሚላክበትም ጊዜ በየ2 ሰከንዱ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። መስመሩ ጠንካራ የሆነለት ሰው 6,000 ኪሎ ቢት ሊልክ ይችላል፤ ትዊች ለ1,080 ሥዕል በሰከንድ 60 የሚመክረው መጠን ይህ ነው። ከስርጭት በፊትም በዚያው ልክ አምስት ደቂቃ በኮምፒውተሩ ላይ ቀድቶ መመልከት ብዙ ድካም ያስቀራል፤ የተቀዳው ጠርቶ የተሰራጨው ከደፈረሰ ጥፋቱ ወደ መስመሩ ያመለክታልና።

ለወላጆችም የምናሳስበው አለን። ዩቲዩብ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ዕድሜው 16 ያልሞላ ልጅ ብቻውን በቀጥታ እንዳያሰራጭ ወስኖአል። ዕድሜው የደረሰም ቢሆን ሙሉውን የኮምፒውተር ገጽ ሳይሆን የጨዋታውን መስኮት ብቻ እንዲያሳይ ንገሩት፤ በገጹ ላይ ድንገት ብቅ የሚል መልእክት የትምህርት ቤቱን ስም ወይም የቤተ ሰቡን ምስጢር ለማያውቁት ሰው ሊገልጥ ይችላልና። ሰዓቱም የጥናትንና የጸሎትን ጊዜ የማይነካ ይሁን። በዚያ ቤት ይህ በአባትና በልጅ ስምምነት ተወስኖአል፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ገመዱ በተዘረጋ በመጀመሪያው ቅዳሜ እኛም ከእነርሱ ጋራ ነበርን። ስርጭቱ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ያህል ቈይቶ ታላቁ ወንድም «የተጫዋቾቹ ቍጥር በጀርባቸው ላይ ይነበበኛል» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም እናቱን «እማዬ፣ ስንተኛው ቡና ነው?» ሲል ጠየቃት። እርስዋም «ሁለተኛው ነው፤ ሦስተኛው ሳይደርስ እንዳትተኛብኝ» ብላ ከማዶ መለሰችለት። አባት እስከ ዛሬ ጨዋታውን አልወደዱትም። ነገር ግን ወንበራቸውን ከበር አጠገብ አንሥተው ልጁ አጠገብ አድርገውታል። ከወጪውም የገመዱ ዋጋ ብቻ ሆነ፤ የታላቁ የሁለት ወር ቍጠባ ሳይነካ ቀረ።

ውድ አንባብያን ሆይ! የልጆቻችን ሥራ በደፈረሰብን ጊዜ ሁለት ነገር ይቀናናል፤ አንዱ ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ ሁለተኛው መከልከል ነው። ሁለቱም ከመመርመር ይቀላሉ። እኛም ሳንመረምር በመምከራችን ያንን ቤት አንድ ቅዳሜ አስቀርተንበታል፤ እናንተ ግን አስቀድማችሁ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ሰሌዳውን እንድትመለከቱ እንለምናችኋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።