የጊዮርጊስ ማልያ "ሂዱ" እንዳይለን!

ጎበዝ፣ እንነጋገር እንጂ! "ማልያ ምን አላት፣ ጨርቅ አይደለች?" የሚሉን ሰዎች በዝተዋል። ጨርቅ ከሆነች ታዲያ ነጋዴው ምን ቆርጦት ነው በሚሊዮን የሚከራያት? ነጋዴው የሚከራየው የቲፎዞውን ልብ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ይሄ ያልገባቸው ልባችንን የሚያከራዩልን የክለብ አመራሮች ብቻ ናቸው።

በኛ በኮልፌ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ የክለቦች ችግር በተነሣ ቁጥር አንድ ሐሳብ ሲወረወር እሰማለሁ። "ቢራው ይቅርና አየር መንገድ ይምጣ! አርሴናል ደረቱ ላይ የአየር መንገድ ስም ጽፎ የለም እንዴ? የባሕረ ሰላጤዎቹ ርካሽ ትኬት ሻጮች ገንዘብ ሞልቷቸዋል፤ ጊዮርጊስን ያልብሱልና!" ይባላል። እንደ ፍላይዱባይና ኤር ዓረቢያ ያሉት ቦሌ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸውና ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ማንኛቸውም ለክለቡ ጥያቄ አቀረቡ አላልኩም። ነገር ግን በኛ አገር ውል የሚሰማው ከተፈረመ በኋላ ስለሆነ ከወዲሁ መልሴን ልስጥ። አይሆንም!

የወዲያኛውን ወገን ችግር አላጣሁትም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር ካዝና፣ ከባንክና ከመከላከያ በሚሰፈርላቸው በጀት ነው። ደሞዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ያቆሙ ተጫዋቾች ዜና ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በጀቱ ሲጠፋ ቢራ ደረሰ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከስም አቻው ቢራ ጋር፣ ኢትዮጵያ ቡና ከሐበሻ ቢራ ጋር ሠርተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ደግሞ ውርርድ ተራውን ያዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ራሱ "ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ" ተብሎ አረፈው። የአገር ሊግ በውርርድ ቤት ስም ሲጠራ ከባለሥልጣኖቻችን መካከል "ኧረ በሕግ አምላክ!" ያለ አልሰማሁም።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። "ከቢራና ከውርርድ አውሮፕላን አይሻልም? አውሮፕላን አያሰክር፣ ቤት አያስሸጥ!"

ቆይ እስቲ! ቤት አያስሸጥም ያለው ማነው? ለደላላ የሚከፈል ገንዘብ ፍለጋ ከብት የሸጠ ገበሬ፣ ቤቱን ያስያዘ የከተማ ሰው፣ ዕቁቧን ቀድማ ያወጣች እናት በዚህች አገር ጠፍተው ነው? በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን አባራ ቦሌ ላይ ስታራግፍ ያየን አይደለንም? መንግሥት በዚያው ዓመት ለቤት ሠራተኝነት መሄድን ከለከለ፤ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923ን አወጣ፤ በ2010 ዓ.ም. በሩን መልሶ ከፈተ። በሩ ሲዘጋም ሲከፈትም የሄደችው የድሃ ልጅ ነች። ኮልፌ ውስጥ ዱባይ፣ ቤይሩት ወይም ጅዳ ሰው የሌለው ቤት ፈልጉና አሳዩኝ!

አየር መንገዶቹን አልከስም። ትኬት ሸጦ ሰውን ካሰበበት ማድረስ ሕጋዊ ሥራ ነው፤ ትኬት ሲረክስማ ለዕረፍት የምትመጣ እኅታችንም ትጠቀማለች። ጠቤ ከክለብ አመራሮቻችን ጋር ነው። አርሴናል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ "ፍላይ ኤሚሬትስ" የሚል ማልያ ለብሷል። "ብረሩ" ማለት ነው። ለለንደን ልጅ መብረር ሽርሽር ነው፤ ፓስፖርቱን ይዞ ሄዶ፣ ፀሐይ ሞቆ፣ ሰኞ ሥራው ላይ ይገኛል። ለኮልፌ ልጅ መብረር ኮንትራት ነው፤ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይቀበላታል። ያው ቃል፣ ያው ጨርቅ፣ ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል!

ጊዮርጊስ ደግሞ ምን ዓይነት ክለብ እንደሆነ አንርሳ። የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ፋሽስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ ከመግባቱ ከወራት በፊት። ወራሪው ስሙን "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" ብሎ እስከ መለወጥ ደርሶ ነበር። የክለብ ስም የሕዝብ መታወቂያ መሆኑን ጠላት እንኳ ገብቶታል ማለት ነው። "እዚሁ ነን" ሲል በኖረ ማልያ ላይ "ሂዱ" ብሎ መጻፍ ምን ይሉታል? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ክለቡ ራሱ ከገዛ ሜዳው ተሰዶ ለዓመታት ከርሟል፤ የአዲስ አበባ ቲፎዞም ክለቡን በዲኤስቲቪ መስኮት ሲናፍቅ ነው የኖረው። በዚህ ላይ ደረቱ ላይ የስደት ትኬት ይለጠፍበት?

"ገንዘቡ ዋንጫ ያመጣል" የሚል ካለ ደግሞ የእንግሊዙን ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ይመልከት። የርካሽ ትኬት ሻጩ የኤርኤዥያ አለቃ ቶኒ ፈርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ክለቡን ገዝቶ የኩባንያውን ስም ማልያው ላይ አሳረፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ትኬቱ ርካሽ፣ ዋጋው ውድ!

"የራሳችን የኢትዮጵያ አየር መንገድስ?" የሚለኝ አይጠፋም። አየር መንገዱ የሕዝብ ሀብት ነው። አንዱን ክለብ አልብሶ ሌላውን ራቁቱን ከተወ ነገ ከጎንደር እስከ ወላይታ "እኛስ የእንጀራ ልጅ ነን?" የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መነሣቱም ትክክል ነው። ማገዝ ካማረው ከከተማ ከተማ የሚንከራተቱትን ክለቦች በሙሉ በእኩል ዋጋ ያመላልስ፤ ለሕፃናት ሜዳ ይሥራ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሠለጠኑት የሚያደርጉት ይደረግ! ባርሴሎና የካታርን ስም ማልያው ላይ ሲጽፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ጉዳዩን ለአባላት ጉባኤ አቅርቦ ድምፅ አሰጥቶበታል። የባየርን ሙኒክ ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ የካታር አየር መንገድን ውል አንፈልግም ብለው አዳራሹን አናወጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ውሉ ሳይታደስ ቀረ። በኛ አገር ጥቂት ሰዎች ሆቴል አዳራሽ ገብተው ይፈርማሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ቲፎዞው ምን እንደለበሰ የሚያውቀው ማልያውን ገዝቶ ሲያጠልቅ ነው።

እናንተ የክለብ አመራሮች ሆይ! ከእንግዲህ ማልያዋን ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ከነዋጋው አደባባይ አውጡት፤ ደጋፊውን ሰብስባችሁ ድምፅ ስጡት። ከ18 ማዞሪያ በእግሩ እየመጣ ስታዲየም ደጃፍ ሲሰለፍ የኖረው ሰው በገዛ ደረቱ ላይ የሚጻፈውን የመምረጥ መብት አለው። እኔ በበኩሌ ድምፄን ከወዲሁ ሰጥቻለሁ። ልጆቻችን መሄድ ካለባቸው ይሂዱ፤ "ሂዱ" ባዩ ግን ጊዮርጊስ አይሁን።

ልብ ያለው ልብ ይበል!