ጸሓፊም ነገረ ፈጅም የነበረው መጽሔት

ማንኛውም ሙያ ሥር ሰዶ ብዙ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ሲጀምር የራሱን ጋዜጣ ማቋቋሙ የተለመደ ነው። ሐኪሙ፥ መሐንዲሱና ባለባንኩ የየራሳቸው መጽሔት እንዳላቸው ኹሉ የራዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎችም አላቸው። እንዲህ ያለውን መጽሔት ሕዝቡ አያውቀውም፤ ራዲዮ የሚያዳምጠው ሰው ስሙን እንኳ ሳይሰማ ይኖራል። ነገር ግን አድማጩ ማታ ማታ ምን እንደሚሰማ በሚወስኑት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከነዚህ መጽሔቶች በዕድሜም በተሰሚነትም ታላቅ ከነበሩት አንዱን፥ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ይታተም የነበረውን «ብሮድካስቲንግ»ን ዛሬ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ኹሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው እትም የወጣው ኦክቶበር 15 ቀን 1931 ነው። ካቋቋሙት መካከል ዋነኞቹ ማርቲን ኮዴልና ሶል ታይሾፍ የሚባሉ ኹለት ወጣት ጋዜጠኞች ነበሩ። ታይሾፍ በ1904 በሚንስክ ከተማ ተወልዶ በዋሽንግተን ያደገ ሰው ነው። ዘመኑ ንግድ የወደቀበት፥ ባንኮች የሚዘጉበት ስለ ነበረ አዲስ መጽሔት ለማውጣት የሚመች ጊዜ አልነበረም። መጽሔቱ በመጀመሪያ በወር ኹለት ጊዜ፥ ከ1941 ጀምሮ ግን በየሳምንቱ ይወጣ ነበር።

ታላላቆቹ የራዲዮ ኩባንያዎችና የማስታወቂያ ድርጅቶች የሚገኙት በኒው ዮርክ ኾኖ ሳለ መጽሔቱ ስለ ምን በዋሽንግተን ተቋቋመ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ስለ ኾነ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማንም ሊጠቀምበት አይችልም። ፈቃዱን የሚሰጠው ከ1927 ጀምሮ የፌዴራል የራዲዮ ኮሚሲዮን፥ ከ1934 ወዲህም በቦታው የተተካው የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሲዮን ነበር። የራዲዮ ነጋዴ ሀብቱ ያለው በኒው ዮርክ ቢኾንም ዕድሉ የሚወሰነው በዋሽንግተን ነው።

ይህን መጽሔት የሚገልጥ ሰው የዘፋኞችና የተዋንያን ወሬ አገኛለሁ ብሎ ቢጠብቅ ያዝናል። የሚያገኘው የትኛው ጣቢያ ለማን እንደ ተሸጠ፥ ማን ምን ያህል ኃይል ያለው ማሠራጫ ለመትከል እንደ ጠየቀ፥ ኮሚሲዮኑም ለማን እንደ ፈቀደና ማንን እንደ ከለከለ ነው። ማስታወቂያዎቹም እንግዳ ናቸው። በሌላ ጋዜጣ ሳሙና ለገዢው ይቀርባል፤ እዚህ ግን የሚቀርበው ሸቀጥ ራሱ አድማጩ ነው። አንድ ጣቢያ ሙሉ ገጽ ተከራይቶ፥ በእርሱ ዘንድ ቢያስነግሩ ድምፃቸው ስንት ቤት እንደሚገባ ለሳሙና ፋብሪካዎች ያስታውቃል። «ዝግ መስመር» የሚል ትርጉም ያለው ዐምድም ነበረው፤ በዚያ ላይ ገና ያልተነገረ የመሥሪያ ቤት ምስጢር በሹክሹክታ ይወጣል። የገዛ መሥሪያ ቤቱ ያሰበውን ከዚያ ዐምድ ያነበበ ሹም ቢኖር አያስደንቅም። ከ1935 ጀምሮ ደግሞ የእያንዳንዱን ጣቢያ ሞገድ፥ ኃይልና ባለቤት የሚዘረዝር የዓመት መጽሐፍ ያሳትም ጀመር። እንደ ጸሓፊነቱ ይህ ሥራው የሚመሰገን ነው።

ነገረ ፈጅነቱ የታየው ግን በ1934 ነው። በዚያ ዓመት ዋግነርና ሃትፊልድ የሚባሉ ኹለት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች፥ ከራዲዮ ሞገድ ኹሉ ከመቶ 25 ያህሉ ለትምህርት ቤቶች፥ ለሃይማኖት ድርጅቶች፥ ለገበሬና ለሠራተኛ ማኅበሮች እንዲለይ ሐሳብ አቀረቡ። ባለ ጣቢያዎቹ በአንድነት ተነሡበት፤ መጽሔቱም አብሯቸው ተሟገተ። ሐሳቡ በ42 ድምፅ በ23 ተሸነፈ። መጽሔቱ ለጌቶቹ መሟገቱ ነውር አይደለም፤ ለዚያ ተቋቁሟልና። ችግሩ በሌላው ወገን እንዲህ ያለ መጽሔት አለመኖሩ ነው። በየቤቱ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሕዝብ በየሹሙ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ወረቀት የለውም። ስለዚህ አንድ ወጣት ሹም በየሳምንቱ ይህንን ብቻ ሲያነብ ቢኖር፥ አንዱ ባለጉዳይ ብቻ በቆመበት ችሎት እንደ ተቀመጠ ዳኛ ነው። ሳይታወቀው የነጋዴውን ቃል የአገር ቃል ያደርገዋል። ጉቦ መቀበል እንኳ አያስፈልገውም።

በ1934 ለራዲዮ የተከለከለው ለቴሌቪዥን በ1952 ተገኘ። ኮሚሲዮኑ ለአራት ዓመት ያህል አዲስ ጣቢያ መፍቀዱን አቁሞ ከቈየ በኋላ 242 መስመሮችን ለትምህርት ለየ። ለዚህም አጥብቀው የታገሉት በኮሚሲዮኑ የመጀመሪያዋ ሴት አባል የነበሩት ፍሪዳ ሄኖክ ናቸው። በ1961 ደግሞ አዲሱ ሊቀ መንበር ኒውተን ሚኖው በባለ ጣቢያዎቹ ስብሰባ ላይ ቆመው ቴሌቪዥንን «ሰፊ ምድረ በዳ» ብለው ጠሩት።

በአንድ ነገር ግን መጽሔቱ እውነት ነበረው ብለን እናምናለን። ጋዜጦች አራተኛው ኃይል ሲባሉ እርሱ ራዲዮና ቴሌቪዥንን አምስተኛው ኃይል ብሎ ሰየመ፤ ለጋዜጣ የተፈቀደው የመናገር ነፃነት ለራዲዮም ይገባል እያለም በተከታታይ ጻፈ። ዜና የሚያሰማ ጣቢያ በየጊዜው የፈቃድ ማሳደሻ እየፈራ እውነቱን ሊናገር አይችልምና፥ ይህ ክርክር የገንዘብ ክርክር ብቻ አልነበረም።

ታይሾፍ በ1982 ሞተ። መጽሔቱም ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1993 በሽቦ የሚተላለፈውን ቴሌቪዥን ጨምሮ «ብሮድካስቲንግ ኤንድ ኬብል» ተባለ፤ በ2024 ተዘጋ። አሮጌዎቹ እትሞች ግን ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ናቸው። የ1934ቱን ክርክር ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት፥ ለተሸነፉት ወገኖች የሚያዝኑትም ጭምር፥ ብዙ ማስረጃ የወሰዱት ከዚሁ ከአሸናፊዎቹ መጽሔት ነው።